ፖስት ዶክ ስኮላርሺፕ አይደለም

«እባክህ ፖስት ዶክ ስኮላርሺፕ ፈልግልኝ።» አሜሪካ ውስጥ በሴል ባዮሎጂ ላብራቶሪ ስለምሠራ ከአገር ቤት የዶክትሬት ምሩቃን ይህ መልእክት ይደርሰኛል። መርዳት ደስ ይለኛል። የሚያበሳጨኝ በዚህ አመለካከት ጎበዝ ልጆች ዕድላቸውን ሲያበላሹ ማየት ነው።

ፖስት ዶክ ከዶክትሬት በኋላ በአንድ ፕሮፌሰር ሥር ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ የምርምር ሥራ ነው። የሚማሩበት ነገር ሞልቷል፣ ዲግሪ ግን የለውም። ደመወዙን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ፕሮፌሰሩ ተወዳድሮ ካገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። አር 01 የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤን.አይ.ኤች) የምርምር ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው። በዚያ ጊዜ ውጤት ማሳየት ያለበት ሰው የሚፈልገው ሥራውን የሚያንቀሳቅስለት ተመራማሪ ነው፤ የሚለምነውን ሰው አይደለም።

በቅርቡ አንዲት እህታችን ልትልከው ያሰናዳችውን ኢሜይል አሳየችኝ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ትምህርቴን እንድቀጥል ዕድሉን ቢሰጡኝ» ይላል። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ሳይቀር ተያይዟል። መብራት በሚጠፋፋበት ላብራቶሪ ከታካሚዎች ደም ነጭ የደም ሴሎችን እየለየች፣ በሕይወት አቆይታ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚለካ ዘዴ) የመረመረችበት ሥራ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘም! እንደገና ጻፍነው። መጀመሪያ የፕሮፌሰሩ የቅርብ ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ውጤት እንደሳባትና ምን ጥያቄ እንደቀረ፣ ቀጥሎ ማንም ሳያግዛት የምትሠራቸው ሙከራዎች፣ በመጨረሻ መቼ እንደምትጨርስና የሚመሰክሩላት ሦስት ሰዎች። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ብዙም ሳይቆይ ለዙም ቃለ መጠይቅ ተጠራች። እናንተም እንዲህ ጻፉ። ያንኑ ደብዳቤ ለመቶ ሰው መበተን ይቅር፤ ሳይነበብ ነው የሚጠፋው።

ሌሎች ብዙ ጊዜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎችም አሉ። «ማስታወቂያ ካልወጣ ቦታ የለም።» ብዙ ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣ ይሞላል። ልትመረቁ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሲቀራችሁ መጻፍ ጀምሩ።

«ደመወዙ ሀብታም ያደርጋል።» ኤን.አይ.ኤች በ2024 ለጀማሪ ፖስት ዶክ ያወጣው መነሻ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ቦስተን ላይ ቤተሰብ ይዞ ለሚኖር ጠባብ ነው።

«የውጭ ዜጋ በራሱ ስም የምርምር ድጋፍ መጠየቅ አይችልም።» ከኤን.አይ.ኤች የፖስት ዶክ ድጋፎች ኤፍ 32 የሚባለው የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል፤ ኬ 99 የሚባለው ግን አይጠይቅም። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የፖስት ዶክ ድጋፍም ለሁሉም ዜጋ ክፍት ነው፤ ነገር ግን በምትሄዱበት አገር ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ ከሆነ አይሆንም።

«ዋናው የላብራቶሪው ስም ነው።» ስሙ ይጠቅማል፣ ግን ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ የነበሩ ሁለት ሦስት ፖስት ዶኮችን አነጋግሩ። አሁን የት ናቸው? ሲወጡ የጀመሩትን ፕሮጀክት ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው? ጽሑፋቸው ስንት ዓመት ፈጀ? ፕሮፌሰሩ ከእነሱ ጋር እንዳታወሩ ከፈለገ ሌላ ላብራቶሪ ፈልጉ።