የዝናብ-ፍሰት ሞዴል ምንድን ነው?

ሰኔ መግቢያ ላይ ደብረ ብርሃን ዶፍ ወረደባት እንበል። የከተማዋ ወንዝ በረሳ ትንሽ ደፍረስ ብሎ ያልፋል። ያው መጠን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢወርድ ግን ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም። ዝናቡ እኩል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የዝናብ-ፍሰት ሞዴል ይህን በቁጥር የሚመልስ ስሌት ነው። የየዕለቱ ዝናብና ሙቀት ይገባል፤ ወንዙ በሰከንድ ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ እንደሚያሳልፍ ይወጣል።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጋን ነው። ታቹ ትንሽ የተሸነቆረ ጋን አስቡ፤ ጋኑ መሬቱ ነው። ዝናብ በአፉ ይገባል። ፀሐይና ተክል ከላይ ይቀንሱለታል። በሽንቁሩ ቀስ እያለ የሚወጣው፣ በጋውን ሙሉ ወንዙን የሚያቆየው የምንጭ ውሃ ነው። ጋኑ ሲሞላ ደግሞ ገንፍሎ ይፈሳል፤ ጎርፍ እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተሠራው፣ ዛሬም ብዙ አገር የሚሠራበት ኤችቢቪ የሚባል ሞዴል እንዲህ ያሉ ጋኖች ተደራርበው ነው።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ «ስንት ዘነበ?» ብቻ አይደለም። «ጋኑ ምን ያህል ሞልቶ ነበር?» የሚለው ነው።

ለዚህ ሰሜን ሸዋ ጥሩ ምስክር አላት። ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ፣ ወደ ጣርማ በር መንገድ፣ አንዲት ጥድ የምትባል ቦታ አለች። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ተፋሰሷ ላይ ዝናቡም የወንዙም ፍሰት ሲለካ ቆይቷል። የእሷንና የሌሎች ሁለት ደጋማ ተፋሰሶችን ልኬት ያገላበጡ ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አገኙ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የወረደው ዝናብ፣ ትነቱ ተቀንሶ፣ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ መሬቱ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ከሚወርደው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ነሐሴ ከሰኔ የሚለየው በዚህ ነው። ከዝናቡ ስንቱ እንደሚፈስ የሚያሰላ፣ ከአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የመጣ አንድ ታዋቂ ቀመር ግን በድሮ አሠራሩ የሚያስታውሰው ያለፉትን 5 ቀናት ዝናብ ብቻ ነው። ለእኛ ክረምት 5 ቀን ምን አላት?

የጋኑን ስፋትና የሽንቁሩን ጥበት በቀጥታ መለካት አይቻልም። የድሮ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ እንደምንፈልገው፣ ስሌቱ ከተለካው ፍሰት ጋር እስኪገጥም ቁልፉን ወዲህ ወዲያ ማለት ነው። ከዚያ ሞዴሉ ባላያቸው ዓመታት ይፈተናል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚያውከው ይህንኑ ነው። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ሲዘንብ ይበረታል፤ ሲያባራ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። በትናንት ዓመታት የተስተካከለው ቁልፍ ለነገው ዝናብ ጣቢያውን ይይዝ ይሆን? ባለሙያ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ብዙዎቹ የዓለም አየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፉ ካሬዎች ይከፍሏታል። በ2800 ሜትር ላይ የምትንቀጠቀጠው ደብረ ብርሃንና በ1300 ሜትር ገደማ ላይ የምታልበው ሸዋ ሮቢት አንድ ካሬ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። የጣርማ በር ገደል ጠፋ ማለት ነው። ከገደሉ በምዕራብ የወረደው በጀማ ወንዝ በኩል አባይ ይገባል፤ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ የዓለም ሞዴሎቹ ውጤት በየአካባቢው ልኬት ሳይታረም ጋኑ ውስጥ አይጨመርም። ታርሞም ቢሆን ሙቀቱ እንደሚጨምር ሁሉም ሲስማሙ፣ በኢትዮጵያ ዝናብ ላይ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል ይላል። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚሰጣችሁን እኔ አላምነውም።

እኔን ደግሞ ከዓመቱ ድምር ይልቅ የሚያሳስበኝ በልግ ነው። በልግ ሲቀር የሚጎዳው የደጋው ገብስ ብቻ አይደለም። ጋኑም ክረምቱን ይበልጥ ጎድሎ ይቀበላል። የሐምሌ ዝናብ መጀመሪያ የሚሄደው ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው፤ በረሳ ተራውን ይጠብቃል።