የጦር መርከብ ሞዴል ሥራ በጣና ዳር

የጦር መርከብ ሞዴል ሥራ በእውን የነበረን መርከብ ልኩን ጠብቆ አሳንሶ፣ በአንድ በታወቀ ጊዜ እንደነበረው አድርጎ የመገንባት ሙያ ነው። የተለመዱት መጠኖች 1 ለ700፣ 1 ለ350 እና 1 ለ200 ናቸው። በ1 ለ200 የመርከቡ 2 ሜትር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ባሕር ዳር ላይ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐይቁ ዳር ለጎብኚዎች የሚሸጡት ትናንሽ ታንኳዎች ትልቁ ታንኳ በሚታሰርበት በዚያው ደንገል ይታሰራሉ። እጅግ ያምራሉ፤ ልከኛ ሞዴል ግን አይደሉም። ታንኳዋ ስታንስ የደንገሉ ዘንግ አብሯት አላነሰምና ጥቂት ዘንግ ብቻ ጎኗን ይሞላዋል። ጥንታዊ ጀልባን ከሥዕል ተነሥቶ መልሶ መገንባትም ለጣና እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት የተነሣው «ራ» የታሰረችው ከዚህ ሐይቅ በተወሰደ ደንገል ነበር።

በዚህ ዳርቻ ሆኖ የጦርነት ዘመን መርከብ ለመሥራት ለሚነሣ ሰው ከ«ኢትዮጵያ» የተሻለ ምርጫ የለም። መርከቢቱ የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሲሆን የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላት፣ መጠገንና ሠራተኞቻቸውን ማሳደር ነበር። በፊሊፒንስ የሌይቴና የሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ዘመቻዎች ተሰልፋለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጥታ፣ ኤ-01 የሚል መለያ ይዛ፣ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረት ተሸጠች። ዛሬ ሄደን የምናያት መርከብ የለችም። ስለዚህ ሞዴሏ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሰነድ ጭምር ነው፤ ሰነድ ደግሞ መሳሳት የለበትም።

ትክክለኛነት የሚጀምረው አንድ ቀን ከመምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ1944ቷ «ኦርካ» እና እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ «ኢትዮጵያ» አካላቸው አንድ ቢሆንም መሣሪያቸው፣ አንቴናቸውና ቀለማቸው አንድ አይደለም። ሁለቱን ዘመን የቀላቀለ ሞዴል በየትኛውም ቀን ያልነበረች መርከብ ያሳያል። እኛ ዘንድ የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። መርከቢቱ አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1944 ነው፤ ይህ በእኛ ጥር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ይሆናል። ከፎቶግራፍ ጀርባ «1936» ተብሎ ቢጻፍ የጣልያን ወረራ ዘመን የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር መዝግቦ መያዝ ይገባል።

የእህት መርከቦችን ፎቶግራፍ መጠቀም ይቻላል። በዚያው ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል፤ መድፎቻቸው ግን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያዩ ነበርና አካሉን ከእህት፣ መሣሪያውን ከራሷ መውሰድ ያሻል። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም መገመትም አሳሳች ነው፤ አንዳንድ የዘመኑ ፊልሞች ቀይን አጥቁረው፣ ሰማያዊን አንጥተው ያሳዩ ነበር። የቀድሞ ባሕረኞች የቤት አልበም በበኩሉ ከውጭ አገር መዛግብት የማይገኝ ነገር ሊሰጥ ይችላል፤ መርከበኛው ጓደኞቹን ሲያነሣ ከኋላቸው የተዘረጋው ገመድና የተከፈተው በር አብረው ተነሥተዋልና።

መርከቢቱ 94.7 ሜትር ርዝመትና 12.5 ሜትር ወርድ ስለነበራት በ1 ለ200 ሞዴሏ 47.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 6.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይኖረዋል። ለአካሉ የደረቀ ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው። ስስ ሳንቃዎች በፕላኑ መስመር ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ በኮላ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ደረጃ የሠራው ጎን በመላጊያ ይስተካከላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በክረምት ርጥበት የተጣበቀ እንጨት በበጋ ሲደርቅ መገጣጠሚያው ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ሳንቃው ቤት ውስጥ ሰንብቶ አየሩን ቢለምድና ሁሉም ጎን በቫርኒሽ ቢታሸግ ይመረጣል።

ትዕግሥትን የሚፈትነው ጥቃቅኑ ነው። 1.70 ሜትር የሚረዝም መርከበኛ 8.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እሱ የሚደገፍበት የ1 ሜትር አጥር ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር። ከዓሣ አጥማጅ የተገኘ 0.2 ሚሊ ሜትር የናይለን ክር ለዓይን ቀጭን ቢመስልም በዚህ መጠን የ4 ሴንቲ ሜትር ገመድ ማለት ነው። መርከቧን ከወደብ ለሚያስረው ወፍራም ገመድ ይሆናል እንጂ ለአንቴና ሽቦ ፈጽሞ አይሆንም። ለአንቴናው የፕላስቲክ ዘንግ ከሻማ ነበልባል በላይ ተይዞ ሲለሰልስ ከነበልባሉ ፈቀቅ ተደርጎ በሁለት እጅ በእርጋታ ይሳባል፤ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነው መሐሉ ተቆርጦ በመርፌ ጫፍ በተነካ ሙጫ ይያያዛል። እጅ ከተንቀጠቀጠ እንደገና ነው።

ቀለሙም በስሱ እየተደራረበ ይቀባል፤ ከወፈረ 5 ሚሊ ሜትሩን አጥር ይውጠዋል። የተጠናቀቀው ሞዴል የጣና ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ ዘንድ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። መጠኗን ለተመልካች ለማሳየት ከሣጥኑ አጠገብ በዚያው ልክ የተሠራች ታንኳ ብትኖር መልካም ነው። 5 ሜትር የምትረዝም ታንኳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የምትታሰረውም በደንገል ሳይሆን በቀጭን የስፌት ክር ነው።