ስለ ፓራሜዲክ የሲኦሲ ምዘና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ለፓራሜዲክ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ምዘና የሚዘጋጁ ሠልጣኞች እርስ በርስ የሚቀባበሏቸው አንዳንድ ምክሮች ነጥብ ያስጥላሉ።

«የጽሑፉን ፈተና ያለፈ የተግባሩ አያቅተውም»

በጽሑፉ ትክክለኛውን መልስ መምረጥ ይበቃል፤ በተግባሩ መዛኙ የሚይዝላችሁ ሲሠራ ያየውን ነው። ለተሰበረ እግር ስፕሊንት (እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ መደገፊያ) ስታስሩ ከስብራቱ በታች ያለውን የደም ምት፣ ስሜትና እንቅስቃሴ ሳታስሩም አስራችሁም ማየት አለባችሁ። የሚረሳው የኋለኛው ነው፤ ፋሻው ጠብቆ ደም ማገዱ የሚታወቀው ደግሞ ያኔ ነው።

«ሲፒአር ላይ የፈጠነ ያልፋል»

ከሁሉም የባሰው ይህ ነው። ሲፒአር ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ለማዳን የሚሠራ ነው፤ ለአዋቂ የጭነቱ ልክ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። 140 ከገባችሁ ደረቱ ሳይመለስ ደግማችሁ ትጫኑታላችሁ፤ ልብ ደም ሳይሞላ ቢጫኑት የሚገፋው የለውም። ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ስትሰጡ መቋረጡ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። አምቡ ባጉን (ትንፋሽ የሚሰጥበትን በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት) እስከ መጨረሻው አትጭመቁት፤ ደረቱ ከፍ ሲል ካያችሁ በቂ ነው፣ ትርፉ አየር ጨጓራ ገብቶ ያስመልሳል። ስትለማመዱ የስልክ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) በደቂቃ 110 ላይ አድርጉ። ክንድ ሲዝል ጥልቀቱ ስለሚቀንስ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ።

«ኦክስጅን ማንንም አይጎዳም፣ ስጥና ነጥብህን ውሰድ»

ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን) 94 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ትንፋሽም ያላጠረው የደረት ሕመምተኛ ኦክስጅን አያስፈልገውም። ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ግን ጣቱን ንኩት። በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ የደነዘዘ ጣት ኦክሲሜትሩን (ሳቹሬሽኑን ከጣት ላይ የሚለካውን መሣሪያ) ያሳስታል፤ አሙቁት፣ የጥፍር ቀለም ካለም አስለቅቁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ንባብ እንኳ ከቆላው ሸዋ ሮቢት በጥቂት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል።

«ቅድሚያ ለታካሚው»

ቅድሚያ ለቦታው ደኅንነት። ጣርማበር ላይ በጉም የተገለበጠ መኪና ተብሎ ከቀረበላችሁ፣ ጓንት ሳታደርጉና ከኋላ የሚመጣውን መኪና ሳታስቆሙ ወደ ተጎጂው መሮጥ ያስጥላል።

«የአምናውን ጥያቄ መሸምደድ ይበቃል»

የታካሚው ዕድሜ ብቻ ቢቀየር መልሱ ይቀየራል፦ ሕፃን ሆኖ አዳኞቹ ሁለት ከሆኑ 30 ለ 2 ሳይሆን 15 ለ 2 ነው።

«‹ገና ብቁ ያልሆነ› ከተባልኩ አበቃልኝ»

አላበቃም። የጎደላችሁ የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ልምምዱንም ከዚያው ጀምሩ፣ ጓደኛችሁ የምዘና ቅጹን ይዞ እያንዳንዱን እርምጃ ምልክት ያድርግላችሁ።