ንፍጥ እና አፍንጫ መጎርጎር

ስለ ንፍጥ ማውራት ደስ አይልም። ግን ሁላችንም ይዘነው ነው የምንዞረው። አፍንጫና ሳይነሶች (በዙሪያው በፊት አጥንት ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍተቶች) ጉንፋን ባይኖርም በቀን አንድ ሊትር ገደማ ያመርታሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ የት ይገባል? ሳናውቀው እንውጠዋለን።

ንፍጥ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። የሚያዝለገልገው ሙሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ጨው፣ ፀረ እንግዳ አካላትና ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይምም አለበት። ላይሶዛይምን ያገኘው የፔኒሲሊኑ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጉንፋን ይዞት ሳለ የገዛ ንፍጡን ባክቴሪያ ላይ ጠብ አደረገ፤ ባክቴሪያውም ሟሟ። ፔኒሲሊን የመጣው ከዚያ በኋላ በ1928 ነው።

የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተርገበገቡ ንፍጡን፣ ከያዘው አቧራና ጀርም ጋር፣ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። የቀረውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። የአፍንጫ መግቢያ ግን ቆዳ ነው፤ ሲሊያ የለውም። እዚያ የቀረ ንፍጥ አየር ይመታውና ይደርቃል። ጣት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ንፍጥ አረንጓዴ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው አንቲባዮቲክ ያምረዋል። ቀለሙ በአብዛኛው የሚመጣው ከነጭ የደም ሴሎች ኢንዛይም ነው። በቫይረስ የሚመጣው ተራ ጉንፋንም እንዲህ ያደርገዋል፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ አይነካም።

አፍንጫ የማይጎረጉር ሰው አለ? እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ዊስኮንሲን በፖስታ በተደረገ መጠይቅ፣ መልስ ከሰጡት 91 በመቶው እንደሚጎረጉሩ አምነዋል። የቀሩት? እንጃ። አንዳንዱ ግን ቁስል እስኪያበጅ ድረስ መተው አይችልም፤ ሐኪሞች ይህን ራይኖቲሌክሶማኒያ ይሉታል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከጥፍር ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ፊት ለፊቱ ላይ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተሰብስበውበታል፤ የሸፈናቸው ሥጋም ስስ ነው። አብዛኛው ነስር የሚነሳው ከዚሁ ቦታ ነው። ጥፍር ይጭረዋል፣ ይደማል፣ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ያሳክካል፣ ጣት ይመለሳል፣ ቅርፊቱ ይነሳል፣ እንደገና ይደማል። ልጆች ሌሊት ትራሳቸው ላይ ደም የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ዙር ምክንያት ነው። ለዓመታት ከቀጠለ ግድግዳው ሊበሳም ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ ጀርም ነው፤ መንገዱም በሁለት አቅጣጫ ነው። ከ10 ሰው ሦስቱ ገደማ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ በአፍንጫው ይዞ ይኖራል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ምንም ላያደርግ ይችላል። በተጫረ ቆዳ ከገባ ግን ብጉንጅና መግል ያመጣል። ከጣት ወደ በር እጀታ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። በተቃራኒው ደግሞ ጣት ከውጭ የለቀመውን ቫይረስ ቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ የኔዘርላንድ ጥናት አፍንጫ ከሚጎረጉሩ የሆስፒታል ሠራተኞች 17 በመቶ ያህሉ ኮቪድ ሲይዛቸው፣ ከማይጎረጉሩት 6 በመቶ ያህሉን ነበር የያዛቸው።

«አፍንጫ መጎርጎር የመርሳት በሽታ ያመጣል» የሚለው ወሬ የተነሳው በአይጦች ላይ ከተደረገ ሙከራ ነው። በሰው ላይ አልተረጋገጠም። የደረቀ ንፍጥ መብላት በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል የሚለውም እንዲሁ፤ ለነገሩ በቀን ሊትር ለሚውጥ ሰው ያቺ ቅንጣት ምን ትጨምራለች?

ደረቅ አፍንጫ ያስቸገረው ሰው ጨው ያለበት የአፍንጫ ጠብታ ወይም ስፕሬይ ቅርፊቱን ያለሰልስለታል። ከዚያ በቀስታ መናፈጥ ነው። ጥፍር ማሳጠርም ይረዳል፣ በተለይ ለልጆች። ነስር ከመጣ ራስን ወደ ኋላ ማጋደል ስህተት ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሳል። ቁጭ ብሎ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል፣ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጨምቆ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው። በየደቂቃው ቆመ አልቆመም እያሉ ከፍቶ ማየት የጀመረውን የደም መርጋት ያበላሸዋል። ግማሽ ሰዓት ካለፈውና ካልቆመ ሐኪም ቤት ነው።