የልጅነት በደልን በሐኪም ቤት መጠየቅ፦ የካሊፎርኒያ አሠራር

ሐኪሞች ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥና በዘር ስለሚወረስ ሕመም መጠየቅ አይከብዳቸውም፤ በልጅነት ስለደረሰ በደል ግን ብዙዎቹ አይጠይቁም። በካሊፎርኒያ ይህን ልማድ ማናጋት የጀመረው በሳን ዲዬጎ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የጤና ድርጅት የተካሄደው ጥናት ነው። ዶክተር ቪንሰንት ፈሊቲ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሚመሩት የውፍረት ክሊኒክ፣ ክብደታቸው እየቀነሰላቸው ሳለ ሕክምናውን የሚያቋርጡ ሰዎች በዙ። ሲጠየቁ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ነበሩ። ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋር የመሩት ጥናት በ1998 ሲታተም፣ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት በደል ወይም የቤተሰብ ችግር ያሳለፉ ሰዎች ለአልኮልና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ምንም ካላሳለፉት ከ4 እስከ 12 እጥፍ እንደሚደርስ አሳየ።

ከጥር 2020 ጀምሮ ሜዲ-ካል፣ ማለትም የግዛቲቱ የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን፣ ስለ ልጅነት በደል ለሚደረግ አንድ መጠይቅ 29 ዶላር ይከፍላል፤ ሐኪሙ የሁለት ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ለልጆች የሚያገለግለው ቅጽ ፐርልስ ይባላል። እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ወላጅ ይሞላዋል፤ ከ12 ዓመት ጀምሮ ታዳጊው ራሱም ይሞላል። የመጀመሪያው ክፍል 10 ጥያቄዎች አሉት። አንዱ ዓይነት ቅጽ እያንዳንዱን መልስ ለየብቻ ያስመዘግባል፤ ሌላው ድምሩን ብቻ። ድምር ብቻ መጻፍ ለሚያፍር ሰው ይቀላል፤ ሐኪሙ ግን ምን እንደደረሰ አያውቅም። ድምሩ 4 ከሞላ ተጋላጭነቱ ከፍተኛ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሆኖ ተያያዥ ሕመም ካለም እንደዚያው።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአሰጣጡ ነው። ቅጹ ያለ ማብራሪያ በካርድ ክፍል ሲታደል፣ ታዳጊው እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሲሞላ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች (አማርኛ ተናጋሪዎቻችን ጭምር) ልጃቸው ሲያስተረጉም፣ የሚገኘው መልስ «የለም» ነው። ቢያንስ ይህን ማለት ይገባል፦ «ለሁሉም ታካሚ የምናቀርበው ጥያቄ ነው፤ ካልፈለጉ አለመመለስ ይችላሉ።» ሐኪሞች በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃት ሲጠረጥሩ ወዲያው በስልክ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው፣ ይህም ቅጹ ሳይሞላ በፊት ይነገራል።

ከመልሱ በኋላ ፈሊቲ የሚመክሩት አጭር ነው፦ ያ ነገር በኋላ ሕይወትዎ ላይ ምን አስከተለ ብሎ መጠየቅና ማዳመጥ። ቁጥሩን ካርድ ላይ አስፍሮ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል። ቁጥሩ የምርመራ ውጤት ተደርጎም መታየት የለበትም። አንድ ጊዜ የተሰደበና ለዓመታት የተደበደበ ልጅ እኩል አንድ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዳ ራሳቸው በ2020 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ድምሩ የአንድን ግለሰብ ዕጣ ለመተንበይ እንደማይሆን አስጠንቅቀዋል።