ስፓኒሽ ተናጋሪዎችና የእንግሊዝኛ ማወዳደሪያ ቅጽሎች

አፉን በስፓኒሽ የፈታ ሰው እንግሊዝኛ ሲጀምር ቶሎ ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ ማወዳደር ነው። «ወንድሜ ከእኔ ይረዝማል» ለማለት ፈልጎ «ማይ ብራዘር ኢዝ ሞር ቶል ዛት ሚ» ይላል። ትክክሉ «ማይ ብራዘር ኢዝ ቶለር ዛን ሚ» ነው። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት አለ፤ ሁለቱም የመጡት ከስፓኒሽ ሥርዓት እንጂ ከስንፍና አይደለም።

ስፓኒሽ ሲያወዳድር ቅጽሉን አይነካም። ረጅም «አልቶ» ከሆነ የበለጠ ረጅም «ማስ አልቶ» ነው። ቃሉ አጠረም ረዘመም «ማስ» ያው ነው። እናት ቋንቋው ላቲን ግን እንዲህ አልነበረም፤ «አልቱስ» የሚለውን «አልቲዮር» እያለ ቅጥያ ይጨምርበት ነበር። ቅጥያው ከሕዝቡ አፍ ሲጠፋ «ማጊስ» የሚባል ቃል ተተካ፤ የዛሬው «ማስ» እሱ ነው። ከጥንቱ የተረፉት እንደ «ሜሆር» (የተሻለ)፣ «ፔኦር» (የባሰ)፣ «ማዮር» (ታላቅ) እና «ሜኖር» (ታናሽ) ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ተማሪው «ጉድ» ወደ «ቤተር»፣ «ባድ» ወደ «ወርስ» ሲለወጥ አይደነግጥም፤ በቤቱ ያውቀዋል።

የሚያስቸግረው እንግሊዝኛ ሁለት መንገድ መያዙ ነው። አጫጭር ቃላት ከጥንት የወረሱትን ቅጥያ ይጨምራሉ፦ ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት። እንደ «ኤክስፔንሲቭ» ያሉ ረጃጅሞች በ«ሞር» እና በ«ሞስት» ይሄዳሉ። ባለ ሁለት ክፍለ ቃሎቹ መሀል ላይ ናቸው፤ «ሃፒ» «ሃፒየር» ይሆናል፣ «ክሌቨር» ግን በሁለቱም መንገድ ይነገራል። ተማሪው ከመናገሩ በፊት ክፍለ ቃል መቁጠር አለበት፤ የራሱ ቋንቋ ይህን ጠይቆት አያውቅም። አማርኛም አይጠይቅም፤ እኛ «ይረዝማል» ብለን በግስ እንገላገላለን።

«ዛት» የመጣው «ኬ» ከሚለው ቃል ነው። ስፓኒሽ «ከእኔ ይረዝማል» ሲል «ከ»ን የሚገልጸው በ«ኬ» ነው፤ «እንደሚመጣ አውቃለሁ» ሲልም ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች የሚያያይዘው ያው «ኬ» ነው። እንግሊዝኛ «ዛን» እና «ዛት» ብሎ ይለያቸዋል። በፈጣን ንግግር «ዛን» ድምፁ ሟሙቶ ለጆሮ ስለማይጎላ፣ አስተማሪ ደጋግሞ በጆሮ ካላሰማው በጽሑፍ ብቻ አይያዝም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመናገር ስፓኒሽ የሚጨምረው መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለ ቃል) ብቻ ነው። «ሜሆር» የተሻለ፣ «ኤል ሜሆር» ከሁሉ የተሻለ። በዚህ ስሌት «ቤተር» ላይ «ዘ» ቢጨመር ይበቃል፤ ተማሪውም ምርጥ ተማሪ ለማለት «ዘ ቤተር ስቱደንት ኦቭ ዘ ክላስ» ይላል። ትክክሉ «ዘ ቤስት ስቱደንት ኢን ዘ ክላስ» ነው፤ «ኦቭ» የገባው ስፓኒሽ እዚህ ቦታ ላይ «ዴ» ስለሚል ነው። «አልቲሲሞ» የሚለው ቅርጽም ያሳስታል፤ መልኩ የላቲን ሱፐርላቲቭ (ከሁሉ መብለጥን የሚገልጽ ቅርጽ) ቢሆንም ትርጉሙ «በጣም ረጅም» እንጂ «ከሁሉ ረጅም» አይደለም።

በእኔ አስተያየት ትምህርቱን በፊደል ሕግ መጀመር፣ ማለትም «ቢገር» ሲጻፍ ለምን ፊደል እንደሚደገም ከማስረዳት መነሳት፣ የኋላውን ማስቀደም ነው። መጀመሪያ «ዛን» በጆሮ ይግባ፣ ቀጥሎ «ቤተር» እና «ቤስት» ይለዩ። የ«ቤስት» መጨረሻም የራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ ነባር የስፓኒሽ ቃላት በ«ስ» እና «ት» ጥምረት ስለማይጨርሱ የመጨረሻዋ «ት» ትዋጥና ቃሉ «ቤስ» ሆኖ ይቀራል።