ጥፋቱ የኮርነሩ ነው? ስለ ኳርተርባክና ስለ ኋላ ተከላካዮች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ብዙ ሐበሾች እሁድን በሁለት ኳስ ነው የምናሳልፈው፤ ጠዋት ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሰዓት የአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም የከተማችን ቡድን ኮማንደርስ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቡድናችን 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱ) ፍጻሜ ደረሰና ሁላችንም አዋቂ ሆንን። በ2025 ነገሩ ተገልብጦ 5 አሸንፎ 12 ሲሸነፍ ደግሞ ሁላችንም ዳኛ ሆነን ቁጭ አልን። ከቡና ወዲያ የሚነሱት ክሶች ያው ሁለት ናቸው፦ «ጄይደን ዳንኤልስ ሰውነቱ አይችልም» እና «ሰከንደሪያችን ወንፊት ነው»። ዳንኤልስ ኳርተርባካችን፣ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ነው፤ ሰከንደሪ ደግሞ ተቀባዮችን የሚጠብቁት የኋላ ተከላካዮች ናቸው፦ በዳር ኮርነሮች፣ በመሃል ሴፍቲዎች። እኔም ከከሳሾቹ አንዱ ነበርኩ።

«ረጅም ኳስ ሲገባብን ጥፋተኛው አጠገቡ ያለው ኮርነር ነው»

በቴሌቪዥን የምናየው ኳሱን ተከትሎ ነው። ኳሱ ሲደርስ ከተቀባዩ ኋላ የሚሮጥ አንድ ምስኪን ይታያል፤ ስድቡም እሱ ላይ ይወርዳል። ግን ሜዳውን ተከፋፍለው ሲጠብቁ ኮርነሩ ተቀባዩን ወደ መሃል የሚለቀው እያወቀ ነው፤ እዚያ ሴፍቲው ይጠብቀዋል ተብሎ ታስቧል። ሴፍቲው በማታለያ ሁለት እርምጃ ወደፊት ከተሳበ አለቀ። ካሜራው ግን የሚያሳየን ሊረዳ የሮጠውን ኮርነር ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜ አለ። ኳርተርባክ ኳሱን በአብዛኛው በ3 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይለቃል። ከ1978 ጀምሮ ሕጉ ተከላካይ ተቀባዩን ከ5 ያርድ በኋላ እንዳይገፋው ስለሚከለክል፣ የተከላካዮቹ የፊት መስመር ኳርተርባኩን ካላስጨነቀው ማንም ኮርነር 5 ሰከንድ ሙሉ ሰው ይዞ መቆየት አይችልም። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የተጋጣሚያችን የሲሃውክስ ኳርተርባክ ሳም ዳርኖልድ በመጀመሪያው አጋማሽ የወረወራቸው 16 ኳሶች ሁሉ ሲደርሱለት እኛ ቤት የተሰደቡት ኮርነሮቹ ብቻ ነበሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

«ጎበዝ ኮርነር ብዙ ኳስ የሚጠልፍ ነው»

ኮርነሩ ናምዲ አሶሙጋ ለራይደርስ ቡድን በ2006 ስምንት ኳስ ጠለፈ። በ2007 አንድ ብቻ። ሰውየው አልደከመም፤ ኳርተርባኮች ወደ እሱ መወርወር ስለፈሩ ነው። በሌላ በኩል የካውቦይሱ ትሬቮን ዲግስ በ2021 አስራ አንድ ጠልፎ ሊጉን ሲመራ፣ ለመጥለፍ ሲዘል የሚያመልጡት ኳሶች ብዙ ያርድ ያስከፍሉት ነበር። ስለዚህ ስሙ በማይጠራ ኮርነር አትዘኑ።

«ሳክ የመስመሩ ጥፋት ነው»

ሳክ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር መጣሉ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ናቸው። የእነሱ ጥፋት የሚሆነው ግማሹን ጊዜ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን አቅፎ ሲያመነታ የሚወድቀው በራሱ ነው።

«የሚሮጥ ኳርተርባክ ይሰበራል፤ ቆሞ ይወርውር»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ከተማቸውን ረስተዋል። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጆ ታይዝማን በ1985 እግሩ የተሰበረው እየሮጠ አይደለም፤ ኳስ ሊወረውር ቆሞ ሳለ ሎውረንስ ቴይለር ወድቆበት ነው። ቶም ብሬዲ በ2008 ጉልበቱን፣ አሮን ሮጀርስ በ2023 በመጀመሪያው ጨዋታ ገና በአራተኛው ሙከራ ጅማቱን ያጡት እንዲሁ ከቦታቸው ርቀው ሳይሮጡ ነው።

የዋሽንግተን ኳርተርባክ የነበረው ሮበርት ግሪፊን ሣልሳዊስ? አዎ፣ ሯጭ ነበር። ግን ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ሜዳ የገባው ቀድሞ በተጎዳ ጉልበት ነበር፤ እያነከሰም አላስወጡትም። ዳንኤልስም ክርኑ የወለቀው በዚያው በሲሃውክስ ጨዋታ፣ በአራተኛው ሩብ፣ 38 ለ7 እየተመራን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ መሮጡ ሳይሆን በዚያ ውጤት ለምን ሜዳ ላይ እንደነበረ ነው። አሰልጣኙ ዳን ክዊንም ጥፋቱን ራሳቸው ወስደዋል።

«ያቺ የቤርስ ኳስ ዕድል ብቻ ናት»

ኦክቶበር 27 ቀን 2024፣ በቺካጎ ቤርስ 15 ለ12 እየተመራን፣ የቀረችው የመጨረሻዋ ኳስ ናት። ዳንኤልስ ግራና ቀኝ እየተሯሯጠ ከ12 ሰከንድ በላይ ቆየ፤ ሩጫው ባይኖር ተቀባዮቹ ጎል ክልል አይደርሱም ነበር። በዚያን ጊዜ የቤርሱ ኮርነር ታይሪክ ስቲቨንሰን ኳሱ ሲጀመር ፊቱን ወደ ደጋፊዎቻችን አዙሮ እያሾፈ ነበር። ዘግይቶ እየሮጠ መጣ፣ ከሰዉ መሃል ዘለለ፣ ኳሱንም በእጁ ወደ ኋላ ገጨው።

ከኋላ ኖዋ ብራውን ብቻውን ቆሞ ነበር። 18 ለ15።

እኛ ቤት ጩኸቱ ሲበርድ እንግዳችን ሶፋው ላይ የፈሰሰውን ቡና እያበሰ «ዕድል ነው እንጂ!» አለ። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሼ ጀርባውን የሰጠውን ኮርነር አሳየሁት።